ትኩሳት አለው፣ ግፊቱ ወርዷል፦ ሁሉም ሴፕሲስ ነው እንዴ?

ሐረጎ_ቁልቁለት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ድንገተኛ ክፍል የምትሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልጻፍና እንደፈለጋችሁ ተሳደቡ። የምሠራበትን ቤት ስም አልጠራም። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም።

ባለፈው ሳምንት ዲዩቲ ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ባጃጅ አንድ ልጅ ይዞ መጣ። 28 ዓመቱ፣ የቀን ሠራተኛ ነው። ትኩሳት 38.9፣ የልብ ምት 132፣ ትንፋሽ 32፣ ግፊት 86 በ68። ይስላል። ወንድሙ «ከጀመረው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ማታ ማታ ያልበዋል» አለ። የወባ ምርመራው ነጻ ነው። በቃ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ማህተሙ ተመታ። የሳንባ ምች፣ ሴፕቲክ ሾክ፣ ማለትም ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን አናግቶ (ሴፕሲስ) ግፊት ሲጥል። ኦክስጅን፣ ሁለት ካኑላ፣ ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲን፣ አንድ ከረጢት ሳላይን በሩጫ። ግፊቱ 90 ሆነ፣ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ሰቀልኩ። 82 በ70። ሦስተኛውን ከካርቶኑ እያወጣሁ እያለ ሲስተሯ፣ ከእኔ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ የሥራ ዘመን ያላት ናት፣ «ዶክተር፣ እጁን ይዘኸዋል?» አለችኝ።

አልያዝኩትም ነበር። ጓንት አድርጌ ካኑላ ሳስገባ ነክቼዋለሁ እንጂ አልያዝኩትም። ግንባሩ ይፋጃል፣ እጁ እስከ ክርኑ በረዶ ነው። «አንገቱንስ?» አለች ደግሞ። ቀና ብሎ ተቀምጧል፣ መተኛት አልቻለም፣ የአንገቱ ደም ስር እስከ ጆሮው ስር እንደ ገመድ ተወጥሯል። ይሄ ሰው ውሃ አልጎደለውም፣ ሞልቷል!

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የእጅ ግፊት መለኪያውን አምጥቼ አየሩን በጣም ቀስ አድርጌ ለቀቅኩ። የመጀመሪያው ድምፅ 86 ላይ ተሰማ፣ ግን ትንፋሹን ሲያስወጣ ብቻ። ሲያስገባ ይጠፋል። በሁለቱም መሰማት የጀመረው 72 ላይ ነው። ልዩነቱ 14፣ ከ10 ካለፈ ደግሞ ልቡን የሚጨምቀው ነገር አለ ብለህ ጠርጥር ነው የተባልነው። አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል። አልትራሳውንዱ ያለበት ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ባለሙያው ኪስ ውስጥ ነው፣ ባለሙያው ቤቱ ተኝቷል። ተደውሎለት እስኪመጣ 40 ደቂቃ። የእርግዝና ማያውን ፕሮብ ከደረቱ አጥንት ስር ሰክተን ወደ ላይ ስናይ ልቡ በጥቁር ቀለበት ውስጥ ይዋኛል። ሦስተኛውን ከረጢት አልሰቀልኩትም። በአምቡላንስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ደረሰና ወጋ አድርገው 600 ሚሊ ሊትር ደም የመሰለ ፈሳሽ ቀዱለት። ግፊቱ እዚያው መርፌው ሳይወጣ 110 ገባ ብለው ደወሉልኝ።

የልብ ሽፋን ቲቢ ነው እየተባለ ነው፣ መድኃኒቱን ጀምሯል። የእኔ ጥያቄ፣ ትኩሳትና ሾክ አንድ ላይ ሲመጡ እናንተ በምንድነው የምትለዩት? ላክቴት (ሾክ ሲኖር ደም ውስጥ የሚጨምረው አሲድ) መለኪያ የለኝም፣ የልብ ኢኮ የለኝም፣ የደም ጋዝ ምርመራ የለኝም። እጅና ዓይን ነው ያለኝ።

የጦሳ_ጥላ፦

ተሳደቡ ስላልክ ትንሽ ልሳደብ። የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። «86 በ68» ብለህ ጽፈህ አለፍክ፣ መልሱ ግን እዚያው ተጽፎ ነበር። ሁላችንም የላይኛዋን ቁጥር ብቻ ነው የምናየው። ልዩነቱን ቀንሰው፣ 18 ነው። የላይኛው ሩብ 21 ተኩል ነው። ልዩነቱ ከሩብ በታች ሲሆን ልብ በአንድ ምት የሚያወጣው ደም ጥቂት ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን።

ገና የጀመረ ሴፕሲስ እንደዚያ አይመስልም። ደም ስሮቹ ስለሚላሉ የሚወርደው የታችኛው ነው። 84 በ38 ታያለህ። እጁ ይሞቃል፣ የእጁ ምት ይዘላል። በሁለተኛው ከረጢትህ ላይ ደግሞ 82 በ70 ሆነ፣ ልዩነቱ 12። ውሃ ሰጥተኸው ጠበበ! እሱ ሊነግርህ እየሞከረ ነበር።

እኔ በጭንቅላቴ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እጅ። እጁ ሞቃት ከሆነ ደም ስር ላልቷል፣ ሴፕሲስ ወይም አለርጂ። እጁ ከቀዘቀዘ ወደ አንገት እሄዳለሁ። አንገቱ ባዶ ከሆነ ደም ወይም ውሃ ጎድሎታል። አንገቱ ከሞላ ልቡ መግፋት አቅቶታል ወይም የሆነ ነገር አፍኖታል፦ የልብ ሽፋን ፈሳሽ፣ ደረት ውስጥ የታመቀ አየር፣ ሳንባ ላይ የተቀረቀረ ትልቅ የደም መርጋት። ከዚያ ሳንባውን አዳምጣለሁ። አንገት ሞልቶ ሳንባ ንጹሕ ከሆነ በጣም እደነግጣለሁ። ሳንባው ከታች የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ ልቡ ራሱ ደክሟል።

ትኩሳቱ አያታልልህ። ቲቢ ልብ ሽፋን ላይ ሲቀመጥ ያተኩሳል። የልብ ጡንቻ ብግነት ያተኩሳል። የልብ በር ላይ ያለ ኢንፌክሽን ያተኩሳል፣ በሩን ቀድዶት ልብ ሲደክም ደግሞ ሾክ ያመጣል። የደም መርጋትም ቀላል ትኩሳት አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሴፕሲስም ከቆየ እጅ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀዝቃዛ እጅ «ሴፕሲስ አይደለም» አይልህም፣ «ቆም በል» ነው የሚልህ።

ኢንተርን_ነኝ_እዘኑልኝ፦

ዶክተር ይቅርታ፣ ግራ ገባኝ። እኛ የተማርነው በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ነው። 60 ኪሎ ሰው 1800 ሚሊ። የ2021 የሴፕሲስ መመሪያም ያንኑ ነው የሚለው። ሁለት ከረጢት ሰጥቶ ቢቆም ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይ «ለምን አልሞላህም» ተብሎ የሚሰቀለው እኮ እሱ ነው። እኔ ባለፈው በዚሁ ጉዳይ ቆሜ 20 ደቂቃ ተጠይቄያለሁ።

የጦሳ_ጥላ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ሁላችንም ተሰቅለናል። መመሪያው «እንመክራለን» አላለም፣ ያለው ለዘብ ያለውን «ይታሰብበት» ነው፣ ማስረጃውም ደካማ መሆኑን ራሱ ጽፏል። ሞርኒንግ ላይ ይህን ንገራቸው።

ደግሞ ከእኛ ጎረቤት የተሠሩትን ሁለት ጥናቶች አንብብ። አንደኛው በ2011 (በፈረንጆች) የወጣው የሕፃናቱ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ትኩሳት ያለባቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3141 ሕፃናት ተካተዋል። ፈሳሽ በሩጫ ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 10.5 ያህል፣ በሩጫ ካልተሰጣቸው 7.3። ማንም አልጠበቀም። ሁለተኛው ሉሳካ፣ ዛምቢያ፣ አዋቂዎች ላይ ነው፣ በ2017 ታተመ። ሴፕሲስና የወረደ ግፊት ያለባቸው 200 ከምናምን ሰዎች። ቶሎ ቶሎ ፈሳሽና የግፊት መድኃኒት በፕሮቶኮል ከተሰጣቸው ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት 48.1 ከመቶ፣ በተለመደው ከታከሙት 33። አብዛኞቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው፣ ብዙዎቹ ደም ማነስ፣ ብዙዎቹ ቲቢ የሚጠረጠርባቸው። ማለትም የእኛ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ይመስላሉ።

ይህ ማለት ፈሳሽ አትስጥ አይደለም። 250 ወይም 500 ስጥ፣ ተመልሰህ ሂድ፣ እጁን ያዝ፣ ሳንባውን አዳምጥ፣ ትንፋሹን ቁጠር፣ ከዚያ ቀጣዩን ወስን። ከረጢት ሰቅሎ ካርድ ሊጽፍ የሄደ ሰው ነው ችግር የሚፈጥረው። ፈሳሹ ካልሠራ የግፊት መድኃኒት ቶሎ ጀምር፣ ኖርአድሬናሊን ከሌለ አድሬናሊን በክንድ ካኑላም ይሄዳል፣ ቦታው እንዳያብጥ ሰው መድብለት። አንቲባዮቲኩ ግን አይዘግይ። በሾክ ውስጥ ሴፕሲስ ከጠረጠርክ በ1 ሰዓት ውስጥ ይግባ፣ ምርመራህን እየቀጠልክ።

ባቲ_ሰኞ፦

ጤና መኮንን ነኝ፣ ቆላ በኩል ነው የምሠራው። ወንድሞቼ፣ ይህን ክር አንብቦ ፈሳሽ የሚፈራ ልጅ እንዳይወጣ ፈራሁ። እኔ ጋ የሚመጣው ሌላ ነው። ገበያ ውሎ፣ ሌሊቱን አስቀምጦትና አስታውኮት፣ ጠዋት በቃሬዛ። ዓይኑ ገብቷል፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠህ ስትለቀው ቆሞ ይቀራል፣ ድምፁ ጠፍቷል። እዚህ ላይ 250 ሰጥቼ ልይ ካልክ ገደልከው። የአዋቂ አጣዳፊ ተቅማጥ ሲሆን በኪሎ 100 ሚሊ ነው፣ 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ 70ው በቀጣዩ 2 ሰዓት ተኩል፣ ሪንገር ካለ ሪንገር። ኮሌራ ብቻውን ብዙ አያተኩስም፣ ሰውየው ካተኮሰ ሌላም ነገር አብሮ ፈልግ።

ወባን በተመለከተ ደግሞ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገር። ምርመራው ወባ አለ ካለ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። ወባ ብቻውን ግፊት የሚጥለው ብዙ ጊዜ አይደለም። ኮማ ያመጣል፣ ደም ይጨርሳል፣ ኩላሊት ይመታል። ሾክ ካየህ ግን አብሮ ባክቴሪያ አለ ብለህ አስብ፣ አርቲሱኔቱን ጀምር (2.4 ሚሊግራም በኪሎ፣ ከዚያ በ12 እና በ24 ሰዓት) አንቲባዮቲኩንም ጨምር። ውሃውን ግን እዚህ ላይ ቀስ በል፣ ብርቱ ወባ ያለበት አዋቂ ሳንባው ቶሎ ይሞላል። ፈጣኑ ምርመራ ደግሞ ከታከመ በኋላም ሳምንታት አዎ ሊል ይችላል። ያለፈውን ወር ወባ ይዘህ የዛሬውን ምች እንዳታልፍ። ስኳሩንም ለካ፣ የሁሉንም።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ «እኛ ደጋ ነን» አትበሉ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ስትወርዱ ወባ አገር ናችሁ፣ ሰዉ ደግሞ ከሚሌና ከከሚሴ መኪና ላይ እየወረደ ነው የሚመጣው።

እትዬ_ሲስተር፦

ልጆቼ፣ ስለ እጅ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ገባሁ። እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም ነርስ የሚያውቀው ነው፣ ጠያቂ ጠፍቶ ነው እንጂ።

አያያዙን ላሳያችሁ። ጣቱን ጫፍ ላይ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ። እስኪነጣ። ብዙዎቻችሁ አንድ ሰከንድ ነክታችሁ ትለቃላችሁ፣ አይደለም። አሥር ቁጠሩ። ልቀቁ። ቀለሙ እስኪመለስ ቁጠሩ፣ ከ3 ካለፈ ዝውውሩ ተበላሽቷል። በየግማሽ ሰዓቱ ድገሙት፣ ካርዱ ላይ ጻፉት። በ2019 የወጣ ጥናት ይህንን ከላክቴት ጋር አወዳድሮ እያየን ብናክም አይከፋም ብሏል ብለው አንድ ሐኪማችን አነበቡልን። ላክቴት የለንም እያላችሁ አታልቅሱ።

አንድ ነገር ግን፣ ይህ ደሴ ነው። በሐምሌ ሌሊት ከሰኞ ገበያ በባጃጅ የመጣ ጤነኛ ሰውም እጁ በረዶ ነው። መጀመሪያ ብርድ ልብስ፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ እጁን ሳይሆን ጉልበቱን እዩ። ጉልበቱ ላይ እንደ መረብ የመሰለ ሐምራዊ ቀለም ካለ ብርድ አይደለም። ሱሪ አውልቁ እንጂ! ሱሪ ለብሶ የሚሞት ሰው ስንት አይቻለሁ። ሱሪ ሲወልቅ ነው የታችኛው ቁስልም፣ የታፋው እብጠትም፣ የመቀመጫው መግልም የሚታየው።

ካቴተርም አስገቡ። ሽንት አይዋሽም።

ሸዋ_በር፦

ስለ ግርሻ፣ ቅማል ስለሚያስተላልፈው ተመላላሽ ትኩሳት፣ ማንም አላነሳም። እኛ አገር ትኩሳትና ሾክ ተብሎ ግርሻ ካልተነሳ ውይይቱ ጎደለ።

ከዓመታት በፊት ነው፣ ክረምት። አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው የሚያድሩ ወጣቶች ነበሩ። አንዱ መጣ፣ 40 ዲግሪ፣ ዓይኑ ቢጫ፣ አፍንጫው ይደማል፣ ጣፊያው ይዳሰሳል። ፈጣኑ የወባ ምርመራ ነጻ። የድሮ ሰው የሆነ ላብራቶሪ ባለሙያ ነበረን፣ «ደሙን በመስታወት ልየው» አለ፣ አየው፣ እንደ ጠመዝማዛ ክር የሚወራጩ ተሕዋስያን። ይህን ፈጣኑ ምርመራ በጭራሽ አያሳይም፣ የወባ ካርዱ እየተስፋፋ ሲመጣ ማይክሮስኮፕ የተረሳበት ቤት ሁሉ ግርሻም አብሮ ጠፍቷል፣ ማለቴ ከመዝገብ ጠፍቷል እንጂ ከቅማሉ አልጠፋም።

ፔኒሲሊን ወጋነው። ግፊቱ 110 ነበር። አልጋ ላይ አስቀመጥነውና ሌላ ሥራ ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አልጋው ሲንቀጠቀጥ በኮሪደር ተሰማኝ፣ ብርድ ብርድ ብሎት ጥርሱ ይፋጫል፣ ትኩሳቱ 41 ገባ። ከዚያ ላቡ መጣ፣ ፊቱ ቀላ፣ ግፊቱ 70 ሆነ። «መድኃኒቱ አለርጂ ሆነበት» አልን፣ «ሴፕሲስ ነው፣ አንቲባዮቲክ እንቀይር» አልን፣ ተራወጥን። ሁለቱም አልነበረም። መድኃኒቱ ሠርቶ ተሕዋስያኑ በአንድ ጊዜ ሲረግፉ የሚመጣው ነው፣ ያሪሽ ሄርክሳይመር የሚሉት። በተለምዶ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይመጣል፣ በዚያን ቀን ውስጥ ያልፋል። ካላየኸው ግን ይገድላል። ስቴሮይድ ቀድሞ መስጠት አያስቀረውም። በ1996 (በፈረንጆች) የታተመ አዲስ አበባ ላይ የተሠራ ጥናት ቲኤንኤፍ የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያከሽፍ መድኃኒት እንደሚቀንሰው አሳይቷል፣ የእኛው ሕመምተኞች ናቸው ጥናቱ ውስጥ ያሉት፣ መድኃኒቱን ግን ዋርዳችን ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ እኔ ግርሻ ካከምኩ አራት ሰዓት ከአጠገቡ አልርቅም። ካኑላው ቀድሞ ይገባል። 24 ሰዓት ደግሞ ከአልጋ እንዲወርድ አልፈቅድም፣ ሽንት ቤት እንኳ። አንዱ ተሻለኝ ብሎ ተነስቶ በር ላይ ወድቆብናል።

አለርጂውን ለመለየት ደግሞ ሰዓቱን እዩ። መርፌው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቆዳው እያሳከከው፣ እያበጠ፣ ትንፋሹ እያፏጨ ከሆነ አለርጂ ነው፤ አድሬናሊን ግማሽ ሚሊግራም ታፋ ጡንቻ ላይ፣ ማሰላሰል የለም። ለሴፍትሪያክሶንም ያው ነው። ሴፕሲስ ሊታከም መጥቶ በሴፍትሪያክሶን ግፊቱ የወረደ ሰው «ሴፕሲሱ ባሰበት» ተብሎ ሲታለፍ አይቻለሁ።

አዋላጇ፦

ወንዶች ስለ ወንዶች ብቻ ነው የምታወሩት። ከ15 እስከ 50 ያለች ሴት ግፊቷ ወርዶ ከመጣች የእርግዝና ምርመራ ቀድሞ ይሠራ። ባል አጠገብ ቆሞ «የወር አበባሽ መቼ ነበር» አይባልም፣ መጋረጃ ዝጉና ብቻዋን ጠይቁ። ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ፈንድቶ ቀላል ትኩሳት ሊኖራት ይችላል፣ የልብ ምቷም ሁልጊዜ አይፈጥንም። ፊቷ ነጭ፣ አንገቷ ባዶ፣ ትከሻዋን ያማታል። የሷ መድኃኒት ቢላዋ ነው፣ ሴፍትሪያክሶን አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። በደበቀችው ውርጃ ተመርዛ የመጣች። እሷ እውነተኛ ሴፕሲስ ናት፣ ግን ማህፀኗ ካልጸዳ አንቲባዮቲኩን ባልዲ ሙሉ ብትሰጧት ግፊቷ አይነሳም። የታይፎይድ አንጀት መበሳትም እንደዚያው፣ ሆዱ እንደ እንጨት የደረቀ ሰው ቀዶ ሐኪም ይጠራለት።

የአንድ_ሰው_ልጅ፦

የጤና ባለሙያ አይደለሁም፣ ከገባሁ ይቅርታ። አጎቴ የመገጣጠሚያ ሕመም ነበረበት፣ ለዓመት ያህል ከመድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት የሚገዛት ትንሽ ኪኒን ነበረችው። ሲሻለው ሰው ሁሉ «ወፈርክ፣ ማሻአላህ» ይለው ነበር። ረመዳን ሲገባ «ጾም ላይ ኪኒን አልወስድም» ብሎ ተወው። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ራስ መሳት። አንድ ቦታ ወሰድነው፣ ሦስት ቀን በግሉኮስና በመርፌ ተኛ፣ ኢንፌክሽን ነው ተባለ፣ ግፊቱ ግን እየወጣ እየወረደ። ሌላ ቦታ ስንወስደው አንዲት ዶክተር ፊቱን አይታ፣ ክንዱን አይታ «ምን ኪኒን ይወስድ ነበር?» አለች። አንድ መርፌ ሰጠችው፣ ማታውን ተቀምጦ ሾርባ ጠጣ። ምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም አላልንም።

የጦሳ_ጥላ፦

እንኳን ገባህ። አጎትህ ሲወስዳት የነበረችው ስቴሮይድ ትሆናለች፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን። ሰውነት በራሱ የሚሠራውን ሆርሞን ከውጭ ለረጅም ጊዜ ስትሰጠው ሆርሞኑን የሚሠራው ከኩላሊት በላይ ያለው እጢ ሥራውን ይረሳል። በድንገት ስታቆመው፣ በዚያ ላይ ትኩሳት ሲመጣ፣ ግፊት የሚያቆመው ነገር የለም። ያቺ ዶክተር ያየችው ፊቱ ክብ ሆኖ ክንዱና ቆዳው መሳሳቱን ነው። መርፌው ሃይድሮኮርቲዞን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊግራም።

ባለሙያዎች፣ ፈሳሽ ሰጥታችሁ የግፊት መድኃኒት ሰጥታችሁ ያልተነሳ፣ ስኳሩ ዝቅ ያለ፣ የሚያስታውክ ሰው ካለ እጢውን ጠርጥሩ። ቲቢ እጢውን ራሱን ይበላዋል። ሪፋምፒሲን ደግሞ ያለችውን ጥቂት ሆርሞን ቶሎ ያቃጥላታል፣ ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ ግፊቱ የወረደ ሰው ሲመጣ «ቲቢው ባሰበት» ብቻ አትበሉ።

ለአስታማሚ የምለው፣ ቦርሳውን ይዛችሁ ኑ። ኪኒኑን፣ ባዶ ካርቶኑን፣ ከባህል ሐኪም የተሰጠውንም።

ፒያሳ_ማኪያቶ፦

ስለ እንቅርት አንድ መስመር ልጨምር፣ ወሎ ላይ ሆነን መርሳት ነውር ነው። አንገቷ ላይ እንቅርት ያላት ሴት፣ 40 ትኩሳት፣ ምቷ 160 እና የተዘበራረቀ፣ የምትቃዥ፣ ተቅማጥ ያላት። የታይሮይድ ማዕበል (የእንቅርቱ ሆርሞን ሰውነትን ሲያጥለቀልቅ) ሊሆን ይችላል። ፕሮፕራኖሎል መድኃኒቷ ነው፣ ግን ልቧ ደክሞ ግፊቷ ወርዶ ከሆነ ያው መድኃኒት ይጥላታል፣ ለብቻችሁ አትወስኑ።

ኦክስጅኑን በሚመለከትም፣ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 92 ያየ አዲስ ልጅ ሁሉ «ምች» እያለ እየጻፈ ነው። የአስታማሚውን ጣት አብራችሁ ለኩ፣ እሱም 93 ሊሆን ይችላል።

ኢንተርን_ነኝ_እዘኑልኝ፦

ሁሉም ገባኝ ግን አንድ ሰው ሁለቱም ቢኖርበትስ? ለምሳሌ የልብ በር ጥበት ያለባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ ምች የያዛት። ትናንት እንደዚህ ዓይነት ነበረችን፣ እጇ ይሞቃል አንገቷ ሞልቷል ሳንባዋ ይንጫጫል። የትኛውን ልመን?

የጦሳ_ጥላ፦

ሁለቱንም። ትክክለኛው መልስ አሰልቺ ነው። አንቲባዮቲኩን ሰዓቱን ሳታሳልፍ ስጥ፣ ውሃውን ያዝ፣ ግፊቷ ከወረደ ወደ ግፊት መድኃኒት ቶሎ ሂድ፣ ትኩሳቷንም አውርድ፣ ምክንያቱም በሚትራል (በግራው የልብ በር) ጥበት ላይ የሚገድላት የምቱ ፍጥነት ነው። ልቧ ለመሙላት ጊዜ ትፈልጋለች። ሲኒየርህንም ጥራ፣ ሌሊትም ቢሆን።

እግሯን ቀና አድርገህ ሞክር፣ አንድ ደቂቃ። ልዩነቱ ከሰፋ ውሃ ትፈልጋለች ማለት ሊሆን ይችላል፣ ካልሰፋ ወይም ትንፋሿ ከባሰ እግሯን አውርደው። የተሰጠ ከረጢት አይመለስም፣ የተነሳ እግር ግን ይወርዳል። ሳንባዋ አሁንም የሚንጫጫ ከሆነ ግን እሱንም አትሞክር።

ባቲ_ሰኞ፦

ይህቺን አባባል ጻፍኳት፣ ግድግዳ ላይ ነው የምለጥፋት።

ቧንቧ_ውሃ_ሰፈር፦

ሁሉም ቲዎሪ ነው። አልትራሳውንዱ ተቆልፎ ሬዚደንት እያላችሁ ታወራላችሁ። ቁልፍ የሌለው ክሊኒካል ጂኒየስ ምን ያደርጋል?

ሐረጎ_ቁልቁለት፦

ቧንቧ ውሃ፣ ውይ እውነትህን ነው፣ እሷ ናት ያላስተኛችኝ። 40 ደቂቃ። ልጁ ጠንካራ ሆኖ ነው እንጂ።

ስለ ልጁ ለጠየቃችሁ፣ ትናንት ደሴ ለሌላ ጉዳይ ወጥቼ ዋርድ ገብቼ አየሁት። ተቀምጦ እንጀራ ይበላል። እጁን ያዝኩት፣ ሞቃት ነው፣ እሱ ለሰላምታ መስሎት አጥብቆ ጨበጠኝ። ኤችአይቪ ተመርምሯል፣ ነጻ ነው። ፈሳሹ ትንሽ ተመልሶ ሞልቷል ብለዋል፣ እየተከታተሉት ነው።

ሞርኒንግ ላይ ራሴ አቀረብኩት። ጥቂት ተሰቀልኩ። «82 በ70 ካየህ በኋላ ምን አሰብክ?» ተባልኩ። «ሦስተኛው ከረጢት የት እንዳለ» አልኩ፣ ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን አላሳቀኝም።

ቁልፉን በተመለከተ ሜትሮኗን አነጋገርኳት። ባለሙያውም አልተቃወመም፣ «እኔም ሌሊት ከምቀሰቀስ» አለ። ቅጂ አሠርተናል፣ 80 ብር። መርፌ ማስቀመጫው መሳቢያ ውስጥ በቀይ ክር ታስሮ ተቀምጧል፣ ሲስተሯ ናት የምትቆጣጠረው። ዛሬ ማታ ዲዩቲ ነኝ።